ገንዘቡን ከመላኬ በፊት

ይድረስ ለተከበሩ አባቴ፣

እንደምን ሰንብተዋል? እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ። ታናሽ ወንድሜ ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ባለሁለት መኝታ ቤት መገኘቱንና ደላላው ሌላ ገዢ እንዳለው ነግሮኝ ብሩን ቶሎ እንድልክ አጥብቆ ቢጠይቀኝም፣ አስቀድመው እርስዎ ሰፈሩን እንዲያጠኑልኝ እለምንዎታለሁ። ከስድስት ዓመት በፊት ሥዕሉን ብቻ አይቼ ቅድሚያ የከፈልኩበት ሕንፃ ዛሬም ሦስተኛ ወለል ላይ እንደቆመ ነው፤ አናቱ ላይ የተተወው ፌሮ መዛጉን በላኩልኝ ፎቶ አይቻለሁ። ያኔ ከሻጩ ሌላ ማንንም አልጠየቅሁም። የማውቀው የካዛንቺስ ዋጋም፣ ሰፈሩ በ2017 ከፈረሰ ወዲህ ለምንም አይጠቅመኝም።

ማወቅ የምፈልገው ደላላው የሚጠራውን ዋጋ ሳይሆን፣ በዚያው ብሎክ በቅርቡ የተሸጠ ቤት በእርግጥ ስንት እንደወጣ ነው። ውል ላይ የሚሰፍረው ዋጋ ለግብር ሲባል ብዙ ጊዜ ዝቅ ስለሚደረግ እሱም አይታመንም፤ እውነቱን የሚያውቁት ጥበቃዎቹና የነዋሪዎቹ ኮሚቴ ናቸው፤ እርስዎ ደግሞ ቡና ይዘው ሰው ማናገር ያውቁበታል። ውኃው በየስንት ቀኑ እንደሚመጣ ላይኛው ወለል ያሉትን ይጠይቁ፤ ታች ያለው ሰው ችግሩን አያውቀውም። ሊፍቱ ካልሠራ ግን በእግርዎ እንዳይወጡ፤ አለመሥራቱ ራሱ ይበቃኛል። አንድ ምሽትም ከውጭ ቆመው ስንት መስኮት እንደጨለመ ይቁጠሩልኝ፤ ብዙ ከሆነ ወይ እንደኔ ያለ ስደተኛ ገዝቶ ዘግቶታል፣ ወይ ተከራይ ጠፍቷል።

የምንዛሪ ተመን ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ በገበያ ስለሚወሰን የምልከው ዶላር በብር ሲመነዘር የበዛ ቢመስልም፣ ቤቱን ስናከራየው ኪራዩ የሚሰበሰበው በብር ነው። በዚያው ዓመት የወጣው የኪራይ አዋጅ ውሉ ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከ2 ወር እንዳይበልጥ አዟል፤ ጭማሪውንም መንግሥት በሚወስነው ልክ ገድቦታል። ስለዚህ «በየዓመቱ ኪራይ እየጨመርን እናካክሰዋለን» የሚለው የወንድሜ ሒሳብ አልገባኝም።

ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ስላለኝ ቤቱን በስሜ ከማድረግ የሚከለክለኝ የለም። ሆኖም ካርታው በሻጩ ስም መሆኑ፣ የባንክ ዕዳም ሆነ እገዳ የሌለበት መሆኑ ሳይጣራ አንድ ብር ቀብድ እንዳይሰጥ። የእርስዎን መልስ እስካገኝ ድረስ ኤምባሲ ሄጄ ውክልናውን አልፈርምም፤ ወንድሜ እርስዎን እንዳይጨቀጭቅ ይህንን እኔው እነግረዋለሁ። ለታክሲና ለቡና የሚሆን ጥቂት ብር ልኬአለሁ።

አክባሪ ልጅዎ፣
ከሲልቨር ስፕሪንግ