ጉዳዩ፦ «አዲስ ነው» ተብሎ ስለተገጠመልኝ ያገለገለ ዲስክ

ለደንበኞች አገልግሎት ክፍል
ግልባጭ፦ ለጥገና ክፍል ኃላፊ («ከምሳ በፊት እደውልልዎታለሁ» ብለው ለቀሩት)

ጤና ይስጥልኝ።

የጥገና ቁጥሬ፣ የላፕቶፑ ሞዴልና የታዘዘው ሥራ መዝገባችሁ ላይ ስላለ እንደገና አልዘረዝርም፤ ባጭሩ አሮጌ ላፕቶፔ አዲስ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር አካል የሌለው ፈጣን ዲስክ) ተገጥሞለትና ሊኑክስ ሚንት (በዊንዶውስ ፈንታ የሚሠራ ስርዓተ ክወና) ተጭኖበት የቴሌቪዥን ፊልም ማጫወቻ እንዲሆን ነበር ያዘዝኩት። እስካሁን በደወልኩ ቁጥር «ከመጀመሪያው ይንገሩኝ» እየተባልኩ ስለቆየሁ ዛሬ ከመጀመሪያው አልጀምርም። በቀጥታ ወደ ዲስኩ ልግባ።

ላፕቶፑን ሳስረክብ መቀበያው ላይ የነበረው ልጅ ያለኝን ቃል በቃል አስታውሳለሁ፤ ደግሜ አስብዬዋለሁና። «የምንገጥምልዎት አዲስ ኤስኤስዲ ነው፣ ማሸጊያውን እርስዎ ፊት ነው የምንቀደው» አለኝ። «እኔ ፊት?» አልኩት። «እርስዎ ፊት» አለ። ደረሰኙ ላይም በገዛ እጁ «አዲስ 240 ጊጋ ኤስኤስዲ» ብሎ ጻፈና ከሥሩ ፈረመበት። እንዲህ ያለ ነገር ሳልለምን የሚሰጠኝ ድርጅት ስላላጋጠመኝ፣ እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር የወጣሁት።

ልወስደው ስመጣ ላፕቶፑ ተወልውሎ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ ጠበቀኝ። «ማሸጊያውስ?» አልኩ። «ጊዜዎን እንዳናባክን ብለን ጨረስነው» ተባልኩ። ካርቶኑን ጠየቅሁ፤ ተጥሏል። የዋስትና ወረቀት ጠየቅሁ፤ ተሰጠኝ፣ የዲስኩ መለያ ቁጥር የሚጻፍበት ቦታ ግን ባዶውን ነው። «ሲስተሙ ላይ አለ» አለኝ ልጁ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ። ሲስተሙ ላይ ምን እንዳለ እንግዲህ እናንተ ታውቃላችሁ።

ቤት ስደርስ እንደታሰበው ከቴሌቪዥኑ ኋላ አስቀምጬ በኤችዲኤምአይ ኬብል አገናኘሁትና ኮዲ የተባለውን የፊልም ማጫወቻ ፕሮግራም ከፈትኩ። ፊልሙ ጀመረ። ጥቂት እንደሄደ ምስሉ ቀጥ አለ፤ የማውሱ ቀስትም ደረቀ። ትንሽ ቆይቶ ምንም እንዳልተፈጠረ ካቆመበት ቀጠለ። ከዚያ ደግሞ ቆመ። ስደውልላችሁ የመጀመሪያው መልሳችሁ «ላፕቶፑ አርጅቷል፣ ፊልም አይችልም» የሚል ነበር። ይህ መልስ ጥናት የሌለው ነው። የላፕቶፔ 4ኛ ትውልድ ኢንቴል ፕሮሰሰር በኤች.264 (በተለመደው የቪዲዮ መጭመቂያ ዘዴ) የተጨመቀ ቪዲዮ የሚፈታበት ክፍል እዚያው ውስጡ ተሠርቶለታል፤ የእኔ ፊልሞች በሙሉ 1080ፒ ኤች.264 ናቸው፣ እነሱን ሲያጫውት ፕሮሰሰሩ ላብም አይወጣው። በኤች.265 የተጨመቁት እንደሚከብዱት አውቃለሁ፤ ስለነሱ ትንፍሽ አላልኩም፣ 4ኬም አልጠየቅኋችሁም። ደግሞስ ፊልሞቹ ያሉት በነባሩ ሃርድ ዲስክ ላይ ነው። ሊኑክስ የተጫነው ግን እናንተ በገጠማችሁት ላይ ነው፤ የሚደነዝዘውም ፊልሙ ብቻ ሳይሆን መላው ማሽን ነው።

ስለዚህ ሊኑክስ ሚንት ላይ ያለውን «ዲስክስ» የተባለ ፕሮግራም ከፍቼ የስማርት መረጃውን አየሁ። ለጥገና ባለሙያ ስማርት ምን እንደሆነ ማስረዳት ያሳፍራል፤ ሆኖም ከስልኩ ንግግር እንደተረዳሁት ሳያስፈልግ አይቀርም፦ ዲስኩ ስለራሱ የሚይዘው መዝገብ ነው። በርቶ የቆየበት ሰዓት 19,340 ይላል። ሌት ተቀን ሳይጠፋ ቢሠራ እንኳ ከሁለት ዓመት በላይ ማለት ነው። እኔ ቤት የቆየው ገና ሁለት ፊልም ለማያ የማይበቃ ጊዜ ነበር። ዝቅ ስል ደግሞ ተበላሽተው የተተኩ ክፍሎች ቁጥር አለ፤ አዲስ ዲስክ ላይ ዜሮ መሆን ነበረበት፣ ዜሮ አይደለም።

ደወልኩ። አንድ የጥገና ባለሙያ አነሳ። ቁጥሩን አነበብኩለት።

«ፋዘር፣ እሱ ዝም ብሎ ነው» አለኝ።

«ዝም ብሎ ማለት?»

«ሊኑክስ እንደዛ ነው የሚያሳየው። ዊንዶውስ ቢሆን ዜሮ ነበር የሚልዎት።»

ቆጣሪው ያለው ዲስኩ ውስጥ ነው፣ ሊኑክስም ሆነ ዊንዶውስ የሚያነበው ያንኑ ነው አልኩት። «እንግዲያው ፎርማት ያድርጉት፣ ይጠፋል» አለ። ፎርማት አያጠፋውም አልኩት። ትንሽ ዝም አለና እንዲህ አለኝ፦ «ቆይ ግን፣ ለፊልም ማያ አይደል እንዴ የፈለጉት? ለፊልም ማያ ምን አነሰው?»

ከዚያ «አንዴ ይጠብቁኝ» ብሎ ስልኩን አስቀመጠው፤ ድምፁን መዝጋት ግን ረስቷል። «ያ የሲኒማ ቤቱ ሰውዬ ነው ደግሞ» ሲል ሰማሁት። ከአንድ በላይ ሰው ሳቀ። ተመልሶ ሲያነሳው ድምፁ ተለውጦ «ኃላፊያችን ከምሳ በፊት ይደውልልዎታል» አለኝ። የትኛው ምሳ እንደሆነ አልተነገረኝም።

ስለ ሳቁ ብዙ አልልም። «ፋዘር» መባሉንም እንተወው፣ ደረሰኙ ላይ ስሜ በግልጽ የተጻፈ ቢሆንም። እኔ ያልገባኝ «ምን አነሰው» የሚለው ነው። ዲስኩ አዲስ ቢሆን ኖሮ መልሱ «አዲስ ነው» የሚል ነበር። «ምን አነሰው» ያለኝ ሰው አዲስ አለመሆኑን እያወቀ፣ ለአሮጌ ላፕቶፕ አሮጌ ዲስክ ይበቃዋል ብሎ የፈረደ ሰው ነው። ፍርዱ የእሱ አልነበረም። ለፊልም ልጠቀምበት፣ ሰነድ ልጻፍበት፣ ወይም በር ላይ ድጋፍ ላድርገው፣ የከፈልኩት የአዲስ ዋጋ ነው።

እሱ እንዳለውም አደረግሁ። ዲስኩን ነቅዬ በዩኤስቢ ማገናኛ ዊንዶውስ ካለው ሌላ ኮምፒውተር ጋር አገናኘሁና ክሪስታልዲስክኢንፎ በተባለው፣ ያንኑ የስማርት መዝገብ በሚያሳይ ፕሮግራም አየሁት። 19,346። ዜሮ አይደለም፤ ከኔ ቤት የሠራው ተደምሮበት ያው ቁጥር ነው።

የላፕቶፑን የታች ክዳን «ራስዎ ስለፈቱት ዋስትናው ተቋርጧል» እንደምትሉኝ ስለገመትኩ አስቀድሜ ልበል፦ የተለጠፈ ማኅተም አልነበረም፣ ከታች ያሉት ብሎኖች ሁለቱ ጭራሽ የሉም፣ የሦስተኛው ራስ በካቻቪቴ ተበልቶ አልቋል። ሁሉንም ከመፍታቴ በፊት ፎቶ አንስቻለሁ።

ስፈታው ያየሁት ደግሞ ከቁጥሩ የባሰ ነው። የዲስኩ ስቲከር አንድ ጥጉ ተልጦ ተጠቅልሏል። በላዩ ላይ በጥቁር ማርከር የተጻፈ ነገር አለ፤ በአልኮል ነገር ሊያጠፉት ሞክረው ግራጫ ሆኖ ቀርቷል፣ በመብራት ግን ይነበባል፦ «ሂሳብ ክፍል 2»። የየትኛው መሥሪያ ቤት ሂሳብ ክፍል እንደሆነ አላውቅም። ያ መሥሪያ ቤት ዲስኩ እኔ ሳሎን ውስጥ፣ ከቴሌቪዥን ኋላ መሆኑን ያውቃል? ለእናንተ ሲያስረክብ ይወገዳል ተብሎ አልነበረም?

ይህን ካየሁ በኋላ ልጁ ያኔ ያለኝ ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። ነባሩን ሃርድ ዲስክ «ለእኛ ቢተዉልንስ? ለእርስዎ ከእንግዲህ ምን ያደርግልዎታል?» ብሎኝ ነበር። የቤተሰብ ፎቶዎቼ ያሉት እዚያ ላይ ነው። ትቼላችሁ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የማን ላፕቶፕ ውስጥ «አዲስ» ተብሎ ተገጥሞ ይገኝ ነበር?

እስካሁን በትህትና ያለፍኳቸውን ጥቃቅን ነገሮች አሁን የማልፍበት ምክንያት የለኝም። ደረሰኙ ላይ ሊኑክስ ሚንት ተብሎ ሳለ መጀመሪያ የሰጣችሁኝ ዊንዶውስ 11 ተጭኖበት ነው። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል፤ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 (የደህንነት ቺፕ) እና 8ኛ ትውልድ ወይም ከዚያ በላይ የኢንቴል ፕሮሰሰር ይጠይቃል። ይህን ማሽን አይቀበለውም፣ እናንተ ግን በጓሮ በር አስገባችሁት። «ሁሉም ሰው የሚፈልገው እሱን ነው» ተባልኩ። እኔ ሁሉም ሰው አይደለሁም፣ ደረሰኝ ያለኝ ሰው ነኝ።

ክዳኑ ሲዘጋ እንዳይተኛ አድርጉልኝ ብዬ ነበር፤ ከቴሌቪዥን ኋላ ተዘግቶ ለሚቀመጥ ማሽን ከዚህ የሚቀድም ነገር የለም። ክዳኑን ስዘጋው ተኛ። ከፓወር ማኔጅመንት ውስጥ አንድ ምርጫ መቀየር ነበር፣ ራሴ ቀየርኩት። ድምፅ በኤችዲኤምአይ አልወጣ ሲል ደግሞ «ቴሌቪዥንዎ ነው» አላችሁኝ። ቴሌቪዥኑ ምንም አልሆነም፤ የድምፅ መውጫው ላፕቶፑ ላይ ወደ ኤችዲኤምአይ አልተቀየረም ነበር።

ዋይፋዩ ከራውተሩ አጠገብ እንኳ ይቆራረጥ የነበረው ለምን እንደሆነም የታች ክዳኑን ስፈታ ገባኝ። ከዋይፋይ ካርዱ ጋር የሚገናኙት ሁለቱ ቀጫጭን የአንቴና ሽቦዎች፣ ነጩም ጥቁሩም፣ ከካርዱ ተነቅለው ጎን ላይ ተኝተዋል። ነቅሎ መልሶ ያልሰካቸው ማን እንደሆነ ለእናንተ ልተወው።

ነባሩ ሃርድ ዲስክ እንዲቀመጥበት በዲቪዲ ማጫወቻው ቦታ የገባው ማቀፊያም አለ። ቦታው 12.7 ሚሊሜትር ነው፣ ያስገባችሁት የ9.5 ነው። እጄን ሳሳርፍበት ይንቀጫቀጫል። በደቂቃ 5,400 ጊዜ የሚሽከረከር ዲስክ እንደ ላላ መሳቢያ በሚወዛወዝ ነገር ውስጥ መቀመጥ እንደሌለበት መንገር የእኔ ሥራ አልነበረም። ይህ ሁሉ ሆኖ ሳለ ሒሳብ ስከፍል ልጁ አዲስ ባትሪ ሊሸጥልኝ ሲሟገት ነበር፤ ቀን ከሌት ቻርጀር ላይ ለሚኖር ማሽን።

ይህን ደብዳቤ ስጀምር ልጠይቅ ያሰብኩት ዲስኩ እንዲቀየር ብቻ ነበር። እሱን አሁንም እጠይቃለሁ፦ የታሸገ አዲስ ኤስኤስዲ፣ ማሸጊያው ቃል በተገባልኝ መሠረት እኔ ፊት የሚቀደድ፣ የመለያ ቁጥሩ ዋስትናው ላይ በእስክሪብቶ የሚጻፍ። ነገር ግን የላላውን ማቀፊያ፣ ያልተሰኩትን ሽቦዎችና የጎደሉትን ብሎኖች እየጻፍኩ ሳስበው የጉልበት ዋጋ የተባለውን በሙሉ መመለስ እንዳለባችሁ አምኛለሁ፤ የሰካሁትም፣ ያስተካከልኩትም እኔ ነኝና። በተጨማሪም ይህ ዲስክ ከየት እንደመጣ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ እፈልጋለሁ። «ስህተት ተፈጥሮ ነው» የሚል መልስ አልቀበልም፤ በስህተት ማርከር በአልኮል አይፈገፈግም።

ያገለገለውን ዲስክ እስከዚያው አልመልስም። የሰው ሂሳብ ነው፤ ሌላ ደንበኛ ላፕቶፕ ውስጥ እንዳይገባ እኔ ጋ ይቆይ። ባለቤቱ መሥሪያ ቤት ማን እንደሆነ ከነገራችሁኝ በቀጥታ ለእነሱ አስረክባለሁ።

በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ የጽሑፍ መልስ ካልደረሰኝ ጉዳዩን ከነፎቶዎቹ ለሸማቾች መብት ለሚመለከተው አካል አቀርባለሁ። በስልክ መልስ አትስጡኝ። ኃላፊው የሚደውሉ ከሆነ ግን ከምሳ በፊትም ሆነ በኋላ አነሳለሁ፤ ንግግሩን እንደምቀዳው ከወዲሁ ይታወቅልኝ።

ከአክብሮት ጋር
(ስምና ፊርማ ደረሰኙ ላይ እንዳለው)

አባሪ፦ የደረሰኙ ቅጂ፤ የመለያ ቁጥር ያልተሞላበት የዋስትና ወረቀት ቅጂ፤ ከሊኑክስም ከዊንዶውስም የተወሰደ የስማርት መረጃ ምስል፤ የስቲከሩ፣ የአንቴና ሽቦዎቹና የብሎኖቹ ፎቶ።