የካርቱን ጥፍር ለምን ይላጣል?

ለዝግጅት ክፍሉ፦

በተለጣፊ ጥፍር ላይ በእጅ የሚሣል ካርቱን ቶሎ ሲላጥ ቀለሙ ይወቀሳል፤ ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የዝግጅቱ ነው። ጥፍሩ ማንጸባረቁ እስኪጠፋ በስስ ሞረድ ታሽቶ በአልኮል ካልተጠረገ ቀለም በደንብ አይይዝም።

ሄሎ ኪቲን፣ ድመት የምትመስለውን የጃፓን ካርቱን፣ እንውሰድ። ሙሉ ፊቷ አውራ ጣት ላይ ይሁን፤ ትንሿ ጣት ላይ ቀዩ ሪቫን ብቻ ይበቃል። ነጩን ጄል (በልዩ የጥፍር መብራት የሚደርቅ ቀለም) ስስ አድርጎ ሁለት ጊዜ መቀባት፣ ከእያንዳንዱ ቅብ በኋላም መብራቱ ሥር ማድረቅ ነው። ከወፈረ ላዩ ደርቆ ውስጡ ጥሬ ይቀራል፤ ይጨማደዳል። አፍ የላትም፣ እባካችሁ አትጨምሩላት! አፍንጫዋ ቢጫ ነው፤ ጢሟ በየጎኑ ሦስት፣ ሪቫኑም ከተመልካቹ በስተቀኝ። በአክሪሊክ ቀለም የተሠመረው ጥቁር መስመር በደንብ ሳይደርቅ ቶፕ ኮት (መጨረሻ ላይ የሚቀባው መከላከያ ቅብ) ከነካው ይጎተታል።

ጥፍር ሠሪዎች፣ ከአዲስ አበባ