«ሆዴን አመመኝ»፦ የአእምሮ ጤና ክበብ የዓመቱ ዘገባ

የትምህርት ቤታችን ክበብ ዘንድሮ የሠራው በተማሪዎች ጭንቀት ላይ ነው፤ ሥራው የተጀመረውም በአንድ ገጽ ወረቀት ነው። አራት ዓምድ አለው፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ተማሪው ያለው፣ ቀጥሎ የነበረው ክፍለ ጊዜ። «ሆዴን አመመኝ»፣ «ራሴን አመመኝ»፣ «ሊያስመልሰኝ ነው» ብሎ ከክፍል የሚወጣ፣ ወይም በአንድ ክፍለ ጊዜ ሁለት ሦስት ጊዜ ሽንት ቤት የሚጠይቅ ልጅ ሲኖር መምህሩ አንድ መስመር ይሞላል፤ በቃ። የራሱን ግምት አይጨምርበትም። «አስመሳይ» ወይም «ሰነፍ» የሚል ቃል ያለበት ወረቀት ለጻፈው ይመለሳል።

ከአራት ሳምንት በኋላ ወረቀቱ ራሱ ይናገራል። ሕመሙ ቀንና ሰዓት የማይመርጥ፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ፣ ትኩሳት ወይም የክብደት መቀነስ ያለበት ከሆነ ልጁ አስቀድሞ ሐኪም ዘንድ መሄድ አለበት። ሰኞ ጠዋት የሚበረታ፣ በዕረፍት ቀን የሚጠፋ፣ ሁልጊዜ ከቃል ጥያቄ ወይም ከስፖርት ክፍለ ጊዜ በፊት ብቅ የሚል ከሆነ ግን ጭንቀትን መጠርጠር ይገባል። እንዲህ ሲባል ሕመሙ ውሸት ነው ማለት አይደለም። አካል አደጋ መጣብኝ ሲል አድሬናሊን ይረጫል፤ ልብ ይፈጥናል፣ መዳፍ ያልበዋል፣ ደም ከጨጓራና ከአንጀት ወደ ጡንቻ ይዞራል። ሆዱን የምር ይቆርጠዋል። «ምንም አልሆንክም» የሚለው ማጽናኛ የማይሠራውም ለዚህ ነው፤ የሚሰማው እሱን ነዋ።

ወረቀቱ የማይዛቸው ልጆችም አሉ። ጨዋ ተብለው የሚመሰገኑት፣ ውጤታቸው ጥሩ የሆነው፣ ከክፍል የማይወጡት። የእነዚህን ደብተር መግለጥ ይበጃል። አንዱ መስመር በላጲስ ተፍቆ ተፍቆ ወረቀቱ ከሳሳ ወይም ከተቀደደ፣ የቤት ሥራው አልቆ ሳለ «ትክክል ስላልሆነ» ሳይሰጥ ከቀረ፣ ያ ልጅ ጥንቁቅ ብቻ ላይሆን ይችላል። በትንሽ ነገር የሚቆጣውም እንዲሁ፤ ፍርሃት በልጅ ላይ ብዙ ጊዜ በቁጣ ይወጣል።

ፍርሃት ሁሉ ግን ሕመም አይደለም። ከስምንት ወር ገደማ ጀምሮ እስከ ሦስት ዓመት ከወላጅ መለየትን መፍራት፣ ከዚያ ጨለማንና እንስሳን፣ በትምህርት ዕድሜ ፈተናን፣ በጉርምስና ደግሞ የእኩዮችን ዐይን መፍራት የእድገት አካል ነው። ባለሙያዎች የሚያዩት ዕድሜውን፣ ቆይታውንና ኑሮን ማሰናከሉን ነው። ሕመም ለመባል በልጆች ላይ የመለየት ጭንቀት ቢያንስ 4 ሳምንት፣ አጠቃላይ ጭንቀት ደግሞ 6 ወር መቆየት አለበት። ቤት እያወራ ትምህርት ቤት ዝም የሚል ልጅ ከሆነ 1 ወር፤ ትምህርት የጀመረበት የመጀመሪያ ወር አይቆጠርም። መምህር እነዚህን ቁጥሮች የሚያውቀው ስም ሊያወጣለት ሳይሆን መቼ ወደ ባለሙያ እንደሚልክ እንዲያውቅ ነው።

ስኬርድ የሚባለውን ባለ 41 ጥያቄ የጭንቀት መጠይቅም ሞክረናል። ከ8 እስከ 18 ዓመት ላሉ ልጆች የተዘጋጀ ነው፤ እያንዳንዱ መልስ ከ0 እስከ 2 ነጥብ አለው፣ ድምሩ 25 ከደረሰ ተጨማሪ ምርመራ ያሻል። ስህተታችን ለአንድ ክፍል ሙሉ በአንድ ጊዜ ማደላችን ነበር። ልጅ የጓደኛውን ወረቀት እያየ ስለ ራሱ ፍርሃት እውነቱን አይጽፍም። አሁን የሚሰጠው በአማካሪው ቢሮ፣ ለአንድ ልጅ ብቻ፣ ወላጅ ሲፈቅድ ነው።

ዓመቱን ሙሉ ከመምህራንም ከወላጆችም ጋር ያከራከረን ግን ሌላ ነገር ነው፦ ለልጁ ማዘን። ጮክ ብሎ ማንበብ የሚፈራን ልጅ «ተወው፣ ሌላ ሰው ያንብብ» ስንለው ፍርሃቱ ወዲያው ይወርዳል። አእምሮው የሚማረው ግን «ያመለጥኩት ስላላነበብኩ ነው» የሚለውን ነው፤ በሚቀጥለው ጊዜ ፍርሃቱ ቀድሞ፣ በርትቶም ይመጣል። «እማዬ ትመጣለች አይደል?» ለሚለው ጥያቄ አሥር ጊዜ መመለስም ያው ነው። አንድ ጊዜ ይመለስለታል፤ ሲደግም «ቅድም ምን አልኩህ?» ተብሎ መልሱን ራሱ ይናገር። በግድ ጎትቶ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ማቆምም መድኃኒት አይደለም። መካከለኛው መንገድ መሰላል ነው፦ ከቀላሉ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ወደሚፈራው ነገር መቅረብ። ሐሳቡ የቆየ ነው፤ አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ባለሙያ ሜሪ ከቨር ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1924 ጥንቸል የሚፈራን ሕፃን፣ እየበላ ሳለ ጥንቸሉን በየቀኑ ጥቂት በማቅረብ ፍርሃቱን እንዳስለቀቀችው ጽፋለች።

የንባቡ መሰላል ይህን ይመስላል። ልጁ ራሱ ለየደረጃው ከ0 እስከ 10 የፍርሃት ነጥብ ይሰጣል። ባዶ ክፍል ውስጥ ብቻውን አንድ አንቀጽ ማንበብ፣ 2። ለአንድ ጓደኛ፣ 3። ለጓደኛውና ለመምህሩ፣ 4። ለአምስት ልጆች ቡድን፣ 5። በክፍል ውስጥ ተቀምጦ፣ የትኛዋን እንደሚያነብ አስቀድሞ ያወቃትን አንድ ዓረፍተ ነገር፣ 6። ሙሉ አንቀጽ፣ 7። ፊት ወጥቶ፣ 9። አንዱ ደረጃ የሚደጋገመው ነጥቡ በግማሽ እስኪወርድ ነው፤ ሳምንት ስላለፈ ብቻ ወደ ላይ አይወጣም።

መሰላሉ የሚሰበርባቸው ቦታዎች ይታወቃሉ። አንደኛው መምህር «በርትተሃል» ብሎ ከ4 ወደ 9 ሲያዘልለው ነው። ልጁ ፊቱን በመጽሐፉ ከልሎ ወይም ቃላቱን እየዋጠ በጥድፊያ አንብቦ ሲወርድም ደረጃውን አልፏል አይባልም፤ ተደብቆ ነው ያለፈው። ፍርሃቱ ጣራ በነካበት ሰዓት ማቋረጥ ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው። ማቋረጥ ግድ ከሆነ ከታች ያለውን ቀላል ደረጃ ሠርቶ ይጨርስ። ከዕረፍት መልስ አንድ ወይም ሁለት ደረጃ ዝቅ ብሎ መጀመር ያስፈልጋል፤ ይህ ውድቀት አይደለም። ልጁ የሚፈራው የሚደበድበውን ልጅ ወይም የሚሳደብ መምህርን ከሆነ መሰላል አይሠራለትም። ማንበብ ያልለመደ ልጅም መጀመሪያ ንባብ ይማር።

አተነፋፈስን በተመለከተ «በረጅሙ ሳብ» የሚለውን ትእዛዝ ትተነዋል። የደነገጠ ልጅ በኃይል እየደጋገመ ሲስብ በደሙ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል፤ ራሱን ያዞረዋል፣ ጣቶቹን ይነዝረዋል፣ ይብስ ይፈራል። አሁን የምንለው «ቀስ ብለህ አውጣ» ነው፦ በአፍንጫ 4 እየቆጠሩ ማስገባት፣ 6 እየቆጠሩ ማስወጣት፣ እጅ ሆድ ላይ። ልምምዱ ልጁ ሰላም በሆነበት ሰዓት በቀን 5 ደቂቃ ነው፤ በድንጋጤ መሐል የሚጀመር ትምህርት አይገባም።

ከክፍል መውጫ ካርዱም መልካም ሐሳብ ነበር፤ መጀመሪያ ስናድለው የመመለሻ ሰዓት ስላልነበረው ማምለጫ ሆነ። ዛሬ ካርዱ ላይ «5 ደቂቃ፣ በቀን ሁለት ጊዜ» ተጽፎበታል፤ ልጁ ሲመለስም ምንም ሳይባል ወደ ቦታው ይገባል።

ለወላጆች የሰጠነው አጭር ዓረፍተ ነገር ነው፦ «እንደፈራህ አውቃለሁ፤ ትችለዋለህም»። ሁለቱም ግማሾች ያስፈልጋሉ። የጠዋቱ ስንብት ይጠር። ከትምህርት ቤት የቀረበት እያንዳንዱ ቀን የነገውን ያከብደዋል፤ ስለዚህ ሙሉ ቀን ካልቻለ ግማሽ ቀን ይምጣ። ስለ ሞት የሚያወራ፣ ራሱን የሚጎዳ ወይም ምግብ ያቆመ ልጅ ግን መሰላል አይጠበቅለትም፤ በዚያው ዕለት ወደ ባለሙያ ይሄዳል። ሕክምና እንዳለ መንገር ለወላጅ ትልቅ ነገር ነው፦ እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመ፣ የጭንቀት ሕመም ያለባቸው፣ ዕድሜያቸው ከ7 እስከ 17 የሆኑ 488 ልጆች በተካፈሉበት ጥናት፣ የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምና (ሐሳብንና ልማድን በንግግርና በልምምድ የሚለውጥ) ብቻ ካገኙት 60 በመቶ ያህሉ በእጅጉ ተሽሏቸዋል፤ ከመድኃኒት ጋር ሲሆን 81 በመቶ ያህሉ፣ መድኃኒት የሌለበት የማስመሰያ ክኒን ከተሰጣቸው ግን 24 በመቶ ያህሉ።

ወረቀቶቹ በአማካሪው ቢሮ ተቆልፎባቸው ይቀመጣሉ። በመሰላል መሐል ላይ ያለ ልጅ ክፍል ሲቀይር፣ ወላጅ ከፈቀደ የመሰላሉ ወረቀት ብቻ ለአዲሱ የክፍል ኃላፊ መምህር ይተላለፋል፤ የሆድ ቁርጠቱ መዝገብ አይተላለፍም። የፈተና አዳራሹ መሰላል ገና አልተጀመረም። የመጀመሪያው ደረጃው ባዶው አዳራሽ ገብቶ ወንበር ላይ መቀመጥ ስለሆነ፣ በትምህርቱ ሁለተኛ ሳምንት ቁልፉን የሚሰጠን ሰው እንፈልጋለን።