እማዬን አብራችሁን ላስታመማችሁ የመንደራችን ሰዎች

እማዬ ትናንት የመጨረሻውን የቲቢ ኪኒን ዋጠች። ስድስት ወር ሞላት። የአክታ ምርመራዋም ነጻ ሆኗል። ተመስገን!

ጅማ ውስጥ ቡና መጋዘን እየለቀመች ነው ያሳደገችን። ለቀማ ደግሞ ካልዋሉበት አይከፈልም። ስለዚህ ሳሏን ይዛ ሁለት ወር ለቀመች። አንድ ክሊኒክ ወስጃት "ብርድ ነው" ተብላ ሽሮፕ ተሰጣት። አሁንም ያንገበግበኛል። የጤና ኤክስቴንሽኗ እህታችን ባትኖር ምን ይውጠን ነበር? "ሳል ሁለት ሳምንት ካለፈው አክታ ይመርመር" ብላ እጇን ይዛ ወሰደቻት። ቲቢ ነበር።

መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነጻ ነው። ባጃጁ ግን ነጻ አይደለም። ምግቡም። የቀረው የቀን ገቢም። የዓለም ጤና ድርጅት የቲቢ ወጪና የቀረው ገቢ ተደምሮ ከቤተሰቡ ዓመታዊ ገቢ ከ20 በመቶ ሲበልጥ ቤት የሚያናጋ ወጪ ነው ይላል። የኛ ቤት ያለ እናንተ ድሮ ተናግቶ ነበር።

የመጀመሪያው 2 ወር አራት ዓይነት መድኃኒት ነው፤ ቀጣዩ 4 ወር ሁለት ዓይነት። በባዶ ሆድ ያጥወለውላታል። አንድ ጠዋት ኪኒኑን መዳፏ ላይ ይዛ "ዛሬስ ይቅርብኝ" አለችኝ። ቤት ውስጥ የሚቀመስ አልነበረም። ጎረቤታችን እትዬ የገብስ አጥሚት በፔርሙስ ይዘው የገቡት ያን ቀን ነው። ከዚያ ወዲያ አንድም ጠዋት አላጓደሉም። መድኃኒት እያቋረጡ መውሰድ በሽታውን መድኃኒት እንዲለምድ እንደሚያደርገው ነርሷ ስትነግረን፣ የዚያ አጥሚት ውለታ ገባኝ።

አከራያችን ጋሼ፣ ያቺ አንድ ክፍል መስኮት አልነበራትም። ጭቃውን አስፈርሰው መስኮት አወጡላት፤ ኪራይ ግን አልጨመሩም። የታፈነ ክፍል ለቲቢ ይመቻል። እኔና ታናሼ ተመርምረን ነጻ ነን።

የባጃጁ ወንድሜ፣ ስንት ጊዜ "ሒሳብ" ስልህ ዞረህ ሄድክ?

የመጋዘን እናቶቼ፣ የዕቁብ ዕጣችሁን ለእሷ ለቀቃችሁላት። ቡና ስትጠጡም ስኒዋን አልለያችሁባትም። እማዬ በሽታዋን ያወቀች ለት ያለቀሰችው "ከእንግዲህ ማን አብሮኝ ቡና ይጠጣል?" ብላ ነበር።

ገለቶማ! እግዜር ይስጥልን፣ አላህ ይስጥልን።

እትዬ፣ ፔርሙሱ እኛ ጋ ነው። እማዬ እሁድ ራሷ ይዛው ትመጣለች። በእግሯ።