ሰዓቱን ደግመህ ቁጠር

ጎንደር፣ ነሐሴ 16

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ዝናቡ ብቻ አላባራ ብሏል። ዛሬ አክስትህ ደውላ «ለእሑድ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ቦሌ የሚያደርሰው ታክሲ ተነጋግሬለታለሁ» ስትለኝ ክው አልኩ። በረራው ሌሊት 10:15 ነው ብለሃታል። የላክልኝን የትኬት ፎቶ መነጽሬን አድርጌ አየሁት፤ ቅዳሜ 22:15 ይላል። ይህ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4:15 ነው። አንተ ባልከው ሰዓት አውሮፕላኑ ከተነሣ 6 ሰዓት ያልፈዋል። ልጄ፣ ሰዓቱን ደግመህ ቁጠር።

እንዲህ የምቆጣው አጎትህ ትዝ እያለኝ ነው። በ1986 ዓ.ም. ወደ ጀርመን ሲሄድ በስልክ «ሐሙስ ሌሊት 6:30» አለኝ። ትኬቱ ሐሙስ 00:30 ስለሚል እርሱ አልተሳሳተም። በፈረንጅ ቀኑ እኩለ ሌሊት ላይ ይለወጣል፤ ለእኛ ግን ያ ሌሊት ገና የረቡዕ ነው። «ለሐሙስ አጥቢያ» ቢለኝ ኖሮ ይገባኝ ነበር። ረቡዕ ከጎንደር በአውቶቡስ ተነሥቼ ደብረ ማርቆስ አደርኩ፤ በማግሥቱ የዓባይን በረሃ አቋርጬ አዲስ አበባ ስገባ እርሱ ጀርመን ደርሷል። ለመንገዱ ያዘጋጀሁለትን ዳቦ ቆሎ በነጠላዬ ጫፍ እንደ ቋጠርኩት ጎንደር ድረስ መለስኩት። ከ11 ዓመት በኋላ እዚያው ዐረፈ። ዓይኑን ዳግመኛ አላየሁትም።

አሁን ስለ መንገድህ ስማኝ፤ 30 ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማርኩት ለሰው ልጆች ብቻ አይደለም። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ስለሚበልጥ አየሩ ስስ ነው፤ ነዳጁን ጢም አድርጎ የሞላ አውሮፕላን ከዚያ መነሣት ይከብደዋል። ስለዚህ መንገድ ላይ አርፎ ይቀዳል፤ ነፋሱም ከፊት ይመጣበታል። ሲያርፍ ደረስኩ ብለህ እንዳትወርድ። ሁሉም ተደምሮ 17 ሰዓት ያህል ነው። ወደ ምዕራብ ስለምትበር ሌሊቱ ይረዝምብሃል፤ ጋቢህን በእጅህ ያዘው እንጂ ከሻንጣ ጋር እንዳታስጭነው። ስትመለስ ግን ከዝቅተኛ ቦታ ስለሚነሣ ሳያርፍ በ13 ሰዓት ገደማ ይደርሳል። መምጫው ከመሄጃው ያጥራል። ይህን ለራሴ ስንት ጊዜ እንደ ደጋገምኩት እኔ ነኝ የማውቀው።

እሑድ ጠዋት 2:15 አካባቢ ስትደርስ እኛ ዘንድ ከቀኑ 9:15 ይሆናል። ልዩነቱ 7 ሰዓት ነው፤ በጥቅምት መጨረሻ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ሲመልሱ 8 ይሆናል። ሌሊትም ቢሆን ደውል፤ እነሣለሁ።

እኔ ዓርብ ከአዘዞ እበራለሁ። ያኔ ሁለት ቀን የፈጀብኝ መንገድ አሁን አንድ ሰዓት ነው፤ ጭጋግ ቢያዘገየኝ እንኳ አንድ ቀን ትርፍ ይዣለሁ። በርበሬውን በሁለት ላስቲክ አሽጌዋለሁ፣ ፓስፖርትህን ግን ከልብስህ ጋር አትጠቅልለው። ታክሲውን ዛሬውኑ ለቅዳሜ ምሽት 12 ሰዓት አስለውጠው፤ 1 ሰዓት ሳይሞላ ቦሌ መገኘት አለብህ። ለአክስትህም በቃል አትንገራት፤ «ቅዳሜ ምሽት» ብለህ በወረቀት ጽፈህ ስጣት። ደግመህ ቁጠር፣ የኔ ጌታ።

ዳቦ ቆሎው ትናንት ተቆልቷል።

እናትህ