ትንንሾቹን ከተሞችም ጻፉልን

ይድረስ ለመጽሔቱ አዘጋጅ፣

ስለ አሜሪካ ደቡብ ስትጽፉ ሁሌ አትላንታን ነው የምታነሱት። እኔ የምኖረው ሰሜን ጆርጂያ፣ ዳልተን ነው። ነዋሪዋ 34 ሺህ ገደማ ነው። የምንጣፍ ከተማ ናት። እዚህ ሰው ሲተዋወቅ ቶሎ የሚጠይቀው የትኛው ፋብሪካ እንደምትሠራ ነው።

የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛ ነኝ። ንጋት ላይ ስወጣ ብናኝ ክር ሹራቤ ላይ እንደ ጥጥ ተጣብቆ ነው። መንገዱ ጭር ይላል። ጎረቤቴ፣ ሜክሲኳዊት እናት፣ በረንዳዋ ላይ ቡናዋን ይዛ እጇን ታነሳልኛለች። በቋንቋ ብዙም አንግባባም፤ ግን አንድ ቀን ሳታየኝ ከቀረች በር ታንኳኳለች።

ይሄ ሁሉ ፋብሪካ ከአንዲት የገበሬ ልጅ እጅ ነው የተነሣው። ካትሪን ኢቫንስ በፈረንጆቹ 1900 በእጇ የሠራችውን የአልጋ ልብስ በ2 ዶላር ከ50 ሳንቲም ሸጠች። ኋላ የአካባቢው ሴቶች ሙያውን ከእሷ ተማሩ። በ41 ቁጥር አውራ ጎዳና ዳር፣ ባለ ፒኮክ ሥዕል የአልጋ ልብስ ገመድ ላይ እያሰጡ ለመንገደኛ ይሸጡ ነበር። የምንጣፍ ፋብሪካዎቹም ከዚያው ሙያ ተነሡ። ይህን ስሰማ የእኛ አገር ፈታዮችና ሸማኔዎች ትዝ አሉኝ።

ኑሮው ቀላል ነው አልልም። በፈረንጆቹ 2008 የቤት ግንባታ ሲቀዘቅዝ ብዙ ሰው ሥራ አጣ። ዛሬም ትዕዛዝ ሲቀንስ ሰዓት ይቆረጥብናል፤ የቤት ኪራይ ግን ያው ነው። ለእንጀራም አትላንታ ድረስ አንድ ሰዓት ተኩል እነዳለሁ።

እባካችሁ አንድ ጋዜጠኛ ላኩልን። ቡና እኔ አፈላለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከዳልተን