ከገና በፊት እንዳትፈርም

ልጄ፣ የኔ ጌታ፣ እንዴት ነህ? ጉልበትህስ? ዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲህ ያለበት ፑልማን በጣም በርዷል አሉ። በላክኸው ፎቶ ላይ ያን ወፍራም ሹራብ አላየሁትም። ልበሰው፤ ሻንጣ ውስጥ አይሞቅም።

እሁድ ከቅዳሴ ስንወጣ አንዲት ሴት "ልጅሽ ትራንስፈር ፖርታል ሊገባ ነው አሉ፤ የአሜሪካን ፉትቦል ተጫዋቾቹ ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ለመዛወር የሚመዘገቡበት ነው" አለችኝ። እናትህ ከሰው አፍ ሰማሁ። እሺ፣ ይሁን። ስደውልልህ "ማሚ፣ ልምምድ ላይ ነኝ" እያልክ ስለምትዘጋብኝ ነው የምጽፈው። አማርኛው ከከበደህ እህትህ በስልክ ታንብብልህ። ግን እየዘለለች እንዳይሆን።

የምልህ አንድ ነገር ነው። ሳታሳየኝ አትፈርም። ፖርታሉ ጃንዋሪ 2፣ 2026 ይከፈታል፣ ጃንዋሪ 16 ይዘጋል። ገና ጃንዋሪ 7 ነው። ቤት መጥተህ፣ ዶሮህን በልተህ፣ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን እናየዋለን። ከዚያ በኋላም ጊዜ አለ።

መሄድ መፈለግህ አይገባኝም እንዳይመስልህ። ይገባኛል። ቃል ስትሰጣቸው የሃይስኩል የመጨረሻ ዓመትህን ልትጀምር ነበር። የምትጫወቱበት ፓክ-12 ከ1915 ጀምሮ የቆየ ኮንፈረንስ ነው፣ ማለት የዩኒቨርሲቲ ቡድኖች ማኅበር ነው ብለውን ነበር። በ2022 ከአባላቱ ዩኤስሲና ዩሲኤልኤ እንሄዳለን አሉ። በሚቀጥለው ዓመት ኮሎራዶ ተከተለ። ከዚያ ያ አርብ መጣ፣ ኦገስት 4፣ 2023። በአንድ ቀን አምስት ወጡ። ኦሪገንና የእህትህ ዩኒቨርሲቲ ዋሽንግተን ቢግ ቴን ወደሚባለው ኮንፈረንስ፣ ሁለቱ አሪዞናዎችና ዩታ ቢግ 12 ወደሚባለው። በሴፕቴምበር ስታንፎርድና ካል ኤሲሲ የሚሉት የአትላንቲክ ጠረፍ ኮንፈረንስ ገቡ። ካሊፎርኒያ ያለ ትምህርት ቤት አትላንቲክ ምን ይሠራል? ለቴሌቪዥን ገንዘብ ሲባል ካርታውም ተረሳ። እናንተና ኦሪገን ስቴት ብቻ ቀራችሁ። ባለቤቱ ቤቱን ሲሸጥ ተከራዮቹን መች ያማክራል?

አሰልጣኞቹም እንደዚያው። አንዱ ባለፈው ዓመት በ2024 ዲሴምበር ወደ ዌክ ፎረስት ሄደ። የተካው ደግሞ ዓመት ሳይሞላው ዘንድሮ በ2025 ዲሴምበር ወደ አዮዋ ስቴት። ሦስተኛው መጥቷል። እነሱ ሲሄዱ "ዕድገት" ይባላል፤ ልጆቹ ሲሄዱ "ታማኝነት የለም" ይባላል። ይሄ እኔንም ያበሳጨኛል። ስለዚህ እዚያው ተቀመጥ አላልኩህም። ሳታሳየኝ አትፈርም ነው ያልኩህ።

እየደወለ ያስጨነቀህ ሰውዬ ምን እንደሚል አውቃለሁ፤ እህትህ ነግራኛለች። አትቆጣት። "እዚያ ሆነህ ፕሌይኦፍ፣ የመጨረሻውን የዋንጫ ውድድር፣ አታይም" ይልሃል። "ካም ዋርድን እይ" ይልሃል። ልክ ነው፣ ካም ዋርድ ከእናንተ ወጥቶ ማያሚ ሄደ፣ የፕሮፌሽናል ቡድኖቹ ተጫዋች በሚመርጡበት በ2025 ድራፍት አንደኛ ተመረጠ። ፖርታል ገብተው የሚቀበላቸው ያጡትን ልጆች ስም ግን ሰውዬው አይጠራልህም። እሱ ከአንተ ላይ የሚቆርጠው አለ፤ እነሱ ምንም አይሰጡትም።

ፕሌይኦፉንም ቢሆን አንብቤዋለሁ። እናትህ የሌሊት ፈረቃ ላይ ሻይ እየጠጣች ምን የምታነብ ይመስልሃል? አራት ቡድን የነበረው በ2024 አሥራ ሁለት ሆነ። በ2024ና በ2025 በደረጃ የሚበልጡ አምስት የኮንፈረንስ ሻምፒዮኖች በቀጥታ ገቡ፣ የቀሩትን ሰባት ኮሚቴው መረጠ። መጀመሪያ ስድስት ሻምፒዮን ነበር የታሰበው። የእናንተ ቤት ሲፈርስ ነው ወደ አምስት የወረደው። ዘንድሮ ማን ገባ? ቱሌንና ጄምስ ማዲሰን። ሁለቱም ከትንንሾቹ ናቸው። ጄምስ ማዲሰን እናንተን ያሸነፈው 24 ለ 20 ነው፤ በአራት ነጥብ! ኦል ሚስም ገብቷል። እሱ በገዛ ሜዳው 24 ለ 21 ነው ያመለጣችሁ። ያን ቀን ሶፋው ላይ ቆሜ ስጮህ ጎረቤት በሩን አንኳኳ።

"ትልቅ ኮንፈረንስ ከገባህ በሩ ክፍት ነው" ለሚለው ደግሞ ፍሎሪዳ ስቴትን ጠይቀው። በ2023 አሥራ ሦስት ተጫውቶ አሥራ ሦስቱንም አሸንፎ፣ ሻምፒዮን ሆኖ፣ ውጭ ቀረ። ዘንድሮ ዱክ የኤሲሲን ዋንጫ ወስዶ አልገባም። ቢግ ቴን አሥራ ስምንት ቡድን አለው። አብዛኞቹ ፕሌይኦፉን እንደ እኔ ከሶፋ ላይ ነው የሚያዩት።

ከ2026 ጀምሮ የአራቱ ትልልቅ ኮንፈረንሶች ሻምፒዮኖች ቦታቸው የተጠበቀ ነው። ለቀሩት ኮንፈረንሶች ሁሉ የተጠበቀችላቸው አንዲት ቦታ ናት። አዎ፣ ጠባብ ናት። ግን ፓክ-12 በ2026 እንደገና ስምንት ሆኖ ይነሳል። ቦይዚ ስቴት ይመጣል፤ በ2024 ከትንሽ ኮንፈረንስ ተነስቶ ፕሌይኦፍ የገባው። ያቺን ቦታ ከእነሱ ጋር ትታገላላችሁ። እኔ እንደሚመስለኝ ከእናንተ ኮንፈረንስ ወደዚያች ቦታ ያለው መንገድ ከሌሎቹ የረዘመ አይደለም። አንተ ሌላ ከታየህ ንገረኝ፣ እሰማለሁ።

አጎትህን ታውቀዋለህ። ሲደውል መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ያንተን ጉልበት ነው። ለምን እንደሆነ ግን አልነገርኩህም። አቃቂ እያለን ለአንድ ፋብሪካ ቡድን ይጫወት ነበር። ቀን ፋብሪካው ውስጥ ይሠራል፣ ማታ ይማራል፣ እሁድ ይጫወታል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሶ ነበር። ኳስ እግሩ ላይ ከገባች አትወጣም ይሉ ነበር። አንድ ቀን ፋብሪካው በጀት የለም አለና ቡድኑ ፈረሰ። ልጆቹ የሰሙት ከበሩ ዘበኛ ነው። በሳምንቱ ከክፍለ ሀገር አንድ ሰው መጣ። ጃኬት የለበሰ፣ አንደበቱ የሚጥም ሰው። ደመወዝ አለ፣ ቤት አለ፣ ትምህርትህንም እዚያ ትጨርሳለህ አለው። ወረቀት አልነበረም። እናታችን አለቀሰች፣ እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነበር። የሚሄድበትን ሸሚዝ የተኮስኩለት እኔ ነኝ። ብዙም ሳይቆይ ጉልበቱ ተመታ። "ቤትህ ሄደህ ታከም፣ እንጠራሃለን" አሉት። የጠራው የለም። ሲመለስ የፋብሪካው ሥራ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል፤ የማታውም ትምህርት ምዝገባው አልፏል። በረንዳ ላይ እግሩን ዘርግቶ የሚቀመጠው አሁንም ዓይኔ ላይ አለ። ከቤታችን አንድ ሰው እንኳን "ይሄን ሁሉ ጻፍልን" ብሎት ቢሆን እላለሁ። ይሄ ቁጭት እስከዛሬ አልወጣልኝም።

ለአንተ ደግሞ ወረቀት አለ። ስምህ ፖርታሉ ውስጥ ከገባ ትምህርት ቤቱ ስኮላርሺፕህን ከሴሚስተሩ በኋላ የመቀጠል ግዴታ የለበትም። የሚቀበልህ ካጣህ መመለሻህን ሊዘጉብህ ይችላሉ። ቡድን ውስጥ የሚያዘው 105 ሰው ነው፤ የለቀቅከውን ቦታ የሚጠብቅ ሞልቷል። በሞቴ፣ ሳታሳየኝ አትፈርም።

ገንዘቡን አልንቅም። ትምህርት ቤቶች ዘንድሮ ለስፖርተኞቻቸው እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍሉ ተፈቅዷል። ያላቸው ይከፍላሉ። ከዚያ ላይ ለአንተ ስንት? ለስንት ዓመት? ብትጎዳስ? ሰውዬውን ይሄን ጠይቀው። በአፍ ከመለሰልህ "በጽሑፍ ላክልኝ" በለው። ዝም ካለ መልሱን አገኘህ።

እስከዚያ ወደ አካዳሚክ አማካሪህ ቢሮ ሂድ። ከወሰድካቸው ኮርሶች የትኞቹ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት እንደሚዛወሩ ይጻፉልህ። ጉልበትህን ያየው ሐኪም የጻፈውንም ኮፒ ውሰድ። የዓመቱ መዝጊያ ጨዋታችሁ፣ ቦውሉ፣ እንዳለቀ ተነስተህ ና። ስኖኳልሚ ማለፊያው ላይ በረዶ አለ፤ የጎማ ሰንሰለት ሳትይዝ እንዳትነሳ። ሌሊት አትንዳ። ቫንቴጅ ስትደርስ ደውል።

ጾሙን አልጠይቅህም፤ አሰልጣኞችህ ሥጋ ብላ እንደሚሉህ አውቃለሁ። ለገና ብቻ ድረስ። እህትህ ያን ሐምራዊ የዋሽንግተን ሹራቧን እንዳትለብስ ነግሬያታለሁ፤ ሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎቻችሁ በሚገናኙበት አፕል ካፕ በ2024 24 ለ 19 ያሸነፋችኋቸውን አንስተህ አታናድዳት። የኔ አንበሳ፣ ያን ቀን በማልያህ ሳይህ ስንቱን ችዬው ዝም እንዳልኩ አታውቅም።

የስኮላርሺፕ ወረቀትህን ዛሬ ማታ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ። ሁሉንም ገጽ፣ የኋላውንም ጭምር። ባለፈው የላክኸው ግማሹ አይነበብም።

እናትህ